ጠላ የሌለበት ማኅበር

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ በምኖርበት ብሎክ ምድር ወለል ላይ ሁለት ግሮሰሪዎች አሉ። ከማዶ ድራፍት ቤት አለ። ከአስፋልቱ ወረድ ሲሉ ደግሞ ዞረ ድምር ላንገላታው ሰው ሲባል ገና በማለዳ የሚከፈት አረቄ ቤት አለ። ሁሉም ከደጄ የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው። እንደ እኔ መጠጥ ለመተው ከሚታገሉ ሰዎች ጋር የምቀመጥበትን አንድ ክፍል ለማግኘት ግን አራት ወር ፈጅቶብኛል።

ጤና ጣቢያ ያገኘኋት ነርስ በትህትና አዳመጠችኝና "ዋናው የአንተ ውሳኔ ነው" አለችኝ። የንስሐ አባቴ ጸበል ላኩኝ። ሰባት ቀን ተጠመቅሁ፣ በገብርኤልም ተገዘትሁ። ግዝቱ እስከ ዳግማ ትንሣኤ ያዘኝ። ሳፈርሰው ግን ከመጠጣቱ ይልቅ ማፍረሱ አሳፈረኝና ቤተ ክርስቲያኑንም መሸሽ ጀመርሁ። ጸበልን እያቃለልሁ አይደለም፤ በጸበል ጨርሰው የተዉ ሰዎችን አውቃለሁ። የእኔ ችግር ስምንተኛው ቀን ነበር፤ ወደዚያው ብሎክ፣ ወደዚያው ግሮሰሪ ደጃፍ ብቻዬን የተመለስሁበት።

በመጨረሻ የነገረኝ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ ደረጃ ላይ ጠብቆ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። መሀል ከተማ፣ ሐሙስ ማታ፣ ስምንት ሰዎች፣ የፕላስቲክ ወንበሮችና አንድ ፔርሙስ ሻይ። ልማዱ እ.ኤ.አ. በ1935 አክሮን በምትባል የአሜሪካ ከተማ አንድ የአክሲዮን ደላላና አንድ ሐኪም፣ ሁለቱም ጠጪዎች፣ ከጀመሩት አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የተቀዳ ነው። ለመግባት መጠጥ ማቆም መፈለግ ይበቃል። ክፍያ የለም፣ ሙሉ ስምም አይጠየቅም።

ከጎኔ የተቀመጡት አባት የሻይ ብርጭቋቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ነበር። እጃቸው እየተንቀጠቀጠ መሰለኝ። ተራቸው ደርሶ ሲናገሩ ግን ካቆሙ ስድስት ዓመታቸው ነው። "በሁለት እጅ መያዝ የለመድሁት ያኔ ነው፤ መጠጡ ሲሄድ ይሄ ቀረ" አሉ። ማንም አልሳቀም፤ ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ ማንም አልመከረም። በአገራችን ምክር ሳይጨምርበት የሚያዳምጥ ሰው ማግኘት ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ ያወቅሁት በዚያች ማታ ነው።

ነገሩ የአንድ ማታ ስሜት ብቻ አይደለም። የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ግምገማ 27 ጥናቶችን መርምሮ፣ መጠጥን ጨርሶ በመተው ረገድ ይህ መንገድ ከታወቁት የምክር ሕክምናዎች የማያንስ፣ አንዳንዴም የሚበልጥ ሆኖ አግኝቶታል። የሚሠራው ግን ለሚመላለስ ሰው ነው። እኔ ለመመለስ እስከ መገናኛ አንድ ታክሲ፣ ከዚያ ረጅም ሰልፍ፣ ከዚያ ሌላ ታክሲ ያስፈልገኛል። አንድ ሐሙስ ዝናብ ጣለና ቀረሁ። በሚቀጥለውም ቀረሁ። በሦስተኛው የት እንደነበርሁ ምድር ወለል ያለው ባለ ግሮሰሪ ያውቃል።

አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል፤ 21 ዓመት ላልሞላው ሰው መሸጥንም ከልክሏል። ጥሩ ነው። ይህ ግን ገና ያልገባውን ለመጠበቅ ነው፤ እኛ ከገባን ቆይተናል።

ታዲያ ምን ይደረግ ለሚለኝ፣ ሕንፃው አለ እላለሁ። በየኮንዶሚኒየሙ ኮሚናል የምንለው የጋራ ቤት አለ፤ የእድሩ ድስትና አግዳሚ ወንበር የተቆለለበት። በሳምንት ለአንድ ሰዓት ተኩል ቁልፉን ስጡን። መሰብሰብ የማናውቅ ሕዝብ አይደለንም፤ እቁብ አለን፣ እድር አለን፣ ጽዋ አለን። እኔም በየወሩ በ12 የሚካኤል ጽዋ ማኅበርተኛ ነኝ። "ከዛሬ ጀምሮ አልጠጣም" ያልሁ ቀን የቤቱ ባለቤት ጣሳውን እንደያዙ "ልጄ፣ ጠላ ደግሞ መጠጥ ነው እንዴ?" አሉኝ። ከልባቸው ነበር።

እድራችን አረቄ የገደለውን ሰው ቀብሯል። "በድንገተኛ ሕመም" ተባለ፤ ድንኳኑ በአንድ ሰዓት ውስጥ ተተከለ።

የሚነሣውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። አንዲት ጎረቤቴ፣ በሯን ዘግታ የምትጠጣ፣ "ኮሚናል ስገባ ሰፈሩ ሁሉ ያየኛል" ብላኛለች። እውነቷን ነው፤ ለሴት ደግሞ ነቀፌታው እጥፍ ነው። ለዚህ ነው አንድ ቦታ የማይበቃው። እሷ አያት ሰፈር ትሂድ፣ የአያቱ ሰው እኛ ዘንድ ይምጣ፤ አንድ ታክሲ ነው።

ስለ ሕክምናም ሳልናገር አላልፍም። ለዓመታት በየቀኑ ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ሲያቆም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ሊንቀጠቀጥ፣ ሊያንፈራግጠው፣ የሌለ ነገር ሊያይ፣ ሊሞትም ይችላል። "ቆልፈንበት አስተውነው" የሚሉ ቤተሰቦች ይህን ቢያውቁ ደግ ነው። እንዲህ ያለ ሰው መጀመሪያ ሐኪም ሊያየው ይገባል፤ አማኑኤል ሆስፒታል አለ፣ ለእኛ ለምሥራቁ ዳር ደግሞ የካ ኮተቤ ይቀርባል። ስብሰባው ከዚያ በኋላ ላሉት ሐሙሶች ነው።

የእድሩ ጠቅላላ ስብሰባ የፊታችን እሑድ ነው። የኮሚናሉን ቁልፍ ጉዳይ አጀንዳ አስይዣለሁ። ጸሐፊው "ልዩ ልዩ" በሚለው ሥር ጽፎታል፤ ከድስት ቆጠራው ቀጥሎ።