የሽያጭ ታክሱ ይሰብሰብ፤ ሕጉ ግን አንድ ይሁን

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ተቀምጦ ለቤት ለቤት እንክብካቤ ድርጅቶች የሠራተኛ ፈረቃ የሚያወጣ ሶፍትዌር በወር 30 ዶላር የሚያቀርብ ወጣት አለ እንበል። ደንበኛው እዚያው ቨርጂኒያ ከሆነ የሽያጭ ታክስ የለም፤ ቨርጂኒያ በኢንተርኔት በኩል ብቻ የሚሠራ ሶፍትዌርን አትቀርጥም። ፖቶማክን ተሻግሮ ዲሲ ያለው ደንበኛ ላይ ግን ታክስ አለ። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ያለው ደግሞ ለድርጅት ሥራ ከገዛው ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ 3 በመቶ፣ ለግሉ ከሆነ 6 በመቶ ይታሰብበታል። ያው ሶፍትዌር፣ ያው ዋጋ፣ በሜትሮ ባቡር የሚገናኙ ሦስት ቦታዎች።

አዲስ አበባም ሆነ ጎንደር ተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ መሆኑን ለምዶ ለመጣ ሰው ይህ ግራ ያጋባል። ብዙዎችም «እዚያ ስቴት ቢሮ ስለሌለኝ አይመለከተኝም» ብለው ይተዉታል። እስከ 2018 ድረስ ልክ ነበሩ። በዚያ ዓመት በጁን 21 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሳውዝ ዳኮታና ዌይፌር በተባለው የኢንተርኔት ሻጭ ክርክር 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ፣ በስቴቱ ቢሮ ወይም መጋዘን የሌለውን ሻጭ ታክስ ሰብስብ ማለት አይቻልም ይል የነበረውን የ1992ቱን የኩዊል ውሳኔ ሻረ። ከዚያ ወዲህ ቢሮም መጋዘንም ባይኖርህ፣ በስቴቱ ውስጥ ያለህ ሽያጭ ከተወሰነ መጠን ካለፈ ታክስ ሰብስበህ ማስገባት ግዴታህ ነው።

በውሳኔው አልከራከርም። ሰፈር ውስጥ ሱቅ ከፍቶ ታክስ የሚሰበስበው ነጋዴ ከማይሰበስበው የኢንተርኔት ሻጭ ጋር ሲወዳደር መጎዳቱ አግባብ አልነበረም። ቅሬታዬ ከዚያ በኋላ በሆነው ነው። ፍርድ ቤቱ የሳውዝ ዳኮታን ሕግ ሲመለከት ሻጭን ከከባድ ጫና የሚጠብቁ ነገሮችን ዘርዝሮ ነበር፦ ሕጉ ትንሹን ሻጭ አይነካም፤ ወደኋላ ተመልሶ አይጠይቅም፤ ስቴቷም ትርጉሞችንና አሠራሮችን አንድ የሚያደርገው የስቴቶች የጋራ ስምምነት አባል ነች። ስምምነቱን የተቀበሉት 24 ስቴቶች ናቸው። ካሊፎርኒያ፣ ቴክሳስ፣ ኒውዮርክ፣ ፍሎሪዳ የሉበትም። ትልልቆቹ ስቴቶች ከፍርዱ ሥልጣኑን ወሰዱ፤ ሻጩን የሚያቃልልለትን ተዉት።

ውጤቱን በሶፍትዌር ላይ እዩት። ቴክሳስ እንደ መረጃ ማቀናበር አገልግሎት ቆጥራ 20 በመቶውን ነፃ አድርጋ የቀረውን ትቀርጣለች። ኒውዮርክ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ እንደሚሸጥ ሶፍትዌር ቆጥራ ሙሉውን ትቀርጣለች፤ ካሊፎርኒያ ጭራሽ አትቀርጥም። ኢሊኖይ ስቴቱ ባይቀርጥም ቺካጎ ከተማ የራሷ ታክስ አላት።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የግብይት ቆጠራው ነው። ሜሪላንድን ጨምሮ አንዳንድ ስቴቶች ግዴታው የሚጀምረው በዓመት ሽያጭህ 100,000 ዶላር ካለፈ «ወይም» 200 ግብይት ከሞላ ነው ይላሉ። እያንዳንዱ ወርሃዊ ክፍያ እንደ አንድ ግብይት ከተቆጠረ፣ ሜሪላንድ ውስጥ 17 ደንበኛ ያለው ያ ወጣት በዓመት 204 ግብይት ይኖረዋል። ጠቅላላ ገቢው 6,120 ዶላር፣ በ3 በመቶ ሲሰላ ታክሱ ከ184 ዶላር አይበልጥም። ለዚህች ገንዘብ መመዝገብ፣ በየጊዜው ሪፖርት ማስገባት፣ ለአካውንታንት መክፈል አለበት። ሕጉን የጀመረችው ሳውዝ ዳኮታ ራሷ የ200 ግብይቱን መለኪያ በ2023 ሰርዛዋለች። ሌሎቹ ምን ይጠብቃሉ?

በስቴቶች መካከል ያለውን ንግድ የመምራት ሥልጣን የኮንግረስ ነው። ካሊፎርኒያና ቴክሳስ መነሻውን 500,000 ዶላር አድርገው መኖር ከቻሉ፣ ኮንግረስ ይህንኑ ለሁሉም መነሻ ቢያደርገው፣ የግብይት ቆጠራውን ቢያስቀርና የሶፍትዌርን ትርጉም አንድ ቢያደርግ ማንም ስቴት አይከስርም። የምክር ቤት አባሎቻችንን በምርጫ ሰሞን ስናገኛቸው ይህንንም እንጠይቃቸው።

እስከዚያው ግን ሕጉ ሕግ ነው። የደንበኛን ስቴት ከመጀመሪያው ሽያጭ ጀምሮ መዝግቡ። የሰበሰባችሁት ታክስ የስቴቱ ገንዘብ ነው፤ ለደሞዝ ወይም ለኪራይ ብትነኩት ድርጅቱ ኤልኤልሲ (ባለቤቱን ከድርጅቱ ዕዳ የሚከልል የድርጅት ዓይነት) ቢሆንም በግል ሊያስጠይቅ ይችላል። ሳይሰበስቡ የቆዩ ደግሞ ተስፋ አይቁረጡ፤ አብዛኞቹ ስቴቶች በፈቃዱ ለቀረበ ሻጭ ብዙውን ጊዜ የሦስት ወይም የአራት ዓመት ውዝፍ ብቻ ጠይቀው ቅጣቱን ያነሳሉ። ይህ የሚሠራው ግን ስቴቱ ደብዳቤ ከመላኩ በፊት ለቀረበ ሰው ነው።