አረንጓዴ ንፍጥ ሁሉ ባክቴሪያ አይደለም
«የልጁ ንፍጥ አረንጓዴ ከሆነ ባክቴሪያ ነው፤ አሞክሲሲሊን ጀምሩለት» የሚል ምክር እዚህ ሲደጋገም አየሁ። በቅን ልብ እንደተጻፈ አልጠራጠርም፤ ግን ስህተት ነው። ቀለሙ የሚመጣው ከራሳችን ነጭ የደም ሴሎች ነው። ኒውትሮፊል የሚባሉት ሴሎች ጀርም የሚገድሉበት፣ ብረት ያለበት አረንጓዴ ኢንዛይም አላቸው። ጉንፋኑን ያመጣው ቫይረስ ቢሆንም ይዘምታሉ። ስለዚህ ከጥቂት ቀን በኋላ ንፍጡ ይወፍራል፣ ቀለሙም ይቀየራል። (ጠዋት መሀረቡ ላይ የሚብሰው ሌሊቱን ተጠራቅሞ ስለሚያድር ነው።) አሞክሲሲሊን ደግሞ ቫይረስን አይነካም፤ ትርፉ ተቅማጥና መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ ነው። ማጣራት ከፈለጋችሁ ቀለሙን ትታችሁ ቀን ቁጠሩ፦ ከ10 ቀን በላይ ካልተሻለው ወይም ተሽሎት መልሶ ከባሰበት ሐኪም ይየው። ከፍተኛ ትኩሳት ካለው ወይም ትንፋሽ ካጠረው ግን ቀን መቁጠር የለም፣ ዛሬውኑ ውሰዱት።