የበርጩማው ችሎት ይክበር

ፍርድ ቤት ቀጠሮ ያበዛል ብላችሁ የምታማርሩ ጅማ ኑ። እዚህ ችሎቱ በአቦል ይከፈታል፣ በቶና ማስረጃ ይሰማል፣ በረካ ላይ ይፈረዳል። ዳኞቹ ባለ ሦስት እግር በርጩማቸው ላይ ተሰይመዋል። ይግባኝ የለም፤ ጀበናው ተሟጧል።

የግድያ ወሬ ሲቀርብ፣ ገዳዩ ወንድ ከሆነ ነገሩ ቶሎ ያልቃል። «ደሙ ፈልቶ ነው።» «ምን ብላው ይሆን?» በቃ፣ ቡና ቁርሱ ይዙር። ሴት ስትሆን ግን ክሱ ሁለት ነው፦ አንዱ ሰው መግደሏ፣ ከባዱ ደግሞ «ሴት ሆና!»። ካለቀሰች አስመሳይ፣ ካላለቀሰች አውሬ።

የማስረጃ ምዘናውማ ያስቀናል። እሱ በከዘራ ከገደለ፣ ከዘራው ድሮም ከእጁ አይለይም፤ አላሰበበትም። እሷ በዘነዘና ከመታች፣ ዘነዘናው ከጓዳ መጥቷል፤ ከጓዳ እስከ ሳሎን ስድስት እርምጃ፣ ስድስቱንም አስባበታለች። ጠዋት ቡና ሲወቀጥበት የዋለ መሆኑ መዝገብ ላይ አይሰፍርም።

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ይህ ቅልጥፍና ይጎድለዋል። አንቀጽ 541 ድንገት ተቆጥቶ፣ ብርቱ ስሜት አሸንፎት የገደለን እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ያልፈዋል፤ 540፣ ለተራው ግድያ፣ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ነው፤ 539፣ አስቀድሞ እንደታሰበበት ላለ ከባድ ግድያ፣ ዕድሜ ልክ ወይም ሞት። ወንድ፣ ሴት ብሎ አይለይም፤ ወይ ነዶ! ደግነቱ ቁጣን የሚወደው ትኩሱን ነው። ወዲያው መገንፈል ደግሞ ጉልበት ላለው ያምራል። ዓመታት ስትደበደብ የኖረች ሴት ፊት ለፊት እንደማትችለው ስለምታውቅ እስኪተኛ ትጠብቃለች። ያ መጠበቅ «አስቀድሞ ማሰብ» ተብሎ የ539ን በር ያንኳኳል። ራስን መከላከልም፣ በአንቀጽ 78፣ የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ ጥቃት ይሻል፤ የሚያንኮራፋ ሰው ደግሞ አያጠቃም። ነቅቶ ዱላውን እንደያዘ ብትገጥመው ኖሮ ሕጉ በተመቻት ነበር፤ በሕይወት ብትተርፍ ማለት ነው።

የበርጩማው ችሎት ምሕረትም ያውቃል፤ ጨካኝ ነው ብላችሁ አትሙት። ጎረቤት የሚወዳት ከሆነች «ዛር ነው»፣ «መድኃኒት አዙረውባት ነው» ይባልላታል። የራሷ ንዴት ግን አይፈቀድላትም፤ ወይ የሰይጣን ነው፣ ወይ የሌላ ሰው። ያ ካልሠራ የማይሻር ቀዳሚ ውሳኔ አለን፦ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ»።

የነገው ችሎት በሰዓቱ ይሰየማል። ዘነዘናውን ፖሊስ ለኤግዚቢት ስለወሰደው፣ ቡናውን ከጎረቤት ተውሰን እንወቅጣለን።