አንዱን ትዝታ አሥራ ሁለት ጊዜ መማር መሮኛል

ዛሬ እናገረዋለሁ፤ ሆዴ ውስጥ ከተቀመጠ ሰነባብቷል። ኪቦርድ የምትጫወቱ፣ በተለይ ሰርግና መዝሙር ላይ የምታጅቡ ሰዎች ታውቁታላችሁ። ዘፈኑን በሲ (መነሻ ድምፁ፣ ማለትም ኪው፣ ሲ ሆኖ) አጥንታችኋል። ትዝታ ሜጀር የሚባለው ቅኝት፣ አምስቱም ድምፅ ነጭ ቁልፍ ላይ፣ እጃችሁ ለምዶታል። መድረክ ላይ ስትወጡ ዘፋኙ ዞር ብሎ «ትንሽ ከፍ አድርግልኝ» ይላል። ግማሽ ቶን ብቻ፣ ወደሚቀጥለው ቁልፍ ማለት ነው! ለሱ ግማሽ ቶን ነው፤ ለኔ ግን ሌላ መሣሪያ ነው። አምስቱ ነጮች አራት ጥቁርና አንድ ነጭ ሆኑ። በዲ ይሁንልኝ ካለ አራት ነጭና አንድ ጥቁር። በኢ ፍላት (ከኢ ግማሽ ቶን ዝቅ ያለው) ሦስት ነጭና ሁለት ጥቁር። ኤፍ ሻርፕ (ከኤፍ ግማሽ ቶን ከፍ ያለው) ላይ ደግሞ ሁሉም ጥቁር። ዜማው ግን ያው ዜማ ነው፤ ሰሚውም ያው ትዝታ ነው የሚለው። እንደ አዲስ የሚጀምሩት የኔ ጣቶች ብቻ ናቸው።

ከጎኔ የቆመው የቤዝ ጊታር ተጫዋች እጁን አንድ ፍሬት ገፋ ያደርጋል፣ አለቀ። ክራር መቺውም ክሮቹን ለዘፋኙ ድምፅ ያጠብቃል ወይም ያላላል እንጂ ጣቶቹ ከለመዱት ክር አይነሱም። ክራር ላይ ትዝታ አንድ የእጅ አያያዝ ነው፤ ወንድ ዘፈነው ሴት ዘፈነችው አይለወጥም።

«ትራንስፖዝ የሚባል፣ ድምፁን በሙሉ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ የኪቦርድ ቁልፍ አለልህ አይደል?» ትሉኛላችሁ። አለ። ግን ዓይኔ ሲ እያየ ጆሮዬ ሲ ሻርፕ ይሰማል። ሳክስፎኒስቱ «በምን ኪ ነው?» ሲለኝ አንድ ነገር እያየሁ ሌላ መናገር አለብኝ። ወደ ቦታው ሳይመለስ የቀረ ትራንስፖዝ የሚቀጥለውን ዘፈን መግቢያ እንዴት እንደሚያበላሸው ያየ ያውቀዋል። እውነተኛ ፒያኖ ላይ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር የለም።

መፍትሔው ገና ያልተገኘ ቢሆን ዝም ባልኩ። ፖል ፎን ጃንኮ የሚባል፣ ፒያኖ ተጫዋችም መሐንዲስም የነበረ የሃንጋሪ ሰው እ.ኤ.አ. በ1882 ሌላ ዓይነት የቁልፍ አደራደር አውጥቶ ነበር። ሐሳቡን አንዴ ካዩት አይረሳም። አንደኛው ረድፍ በሙሉ ቶን (ሁለት ግማሽ ቶን) ይሄዳል፦ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ጂ ሻርፕ፣ ኤ ሻርፕ። ቀጥሎ ያለው ረድፍ የቀሩትን ስድስት ይይዛል፦ ሲ ሻርፕ፣ ዲ ሻርፕ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ፣ ቢ። እነዚህ ሁለቱ እየተፈራረቁ ስድስት ረድፍ ይሆናሉ፤ እያንዳንዱ ድምፅ ሦስት ቦታ ይገኛል ማለት ነው። አሁን ትዝታችሁን እዚህ ላይ አስቀምጡት። ከአንዱ ረድፍ ጎን ለጎን ሦስት ቁልፍ፣ ከሌላው ረድፍ ጎን ለጎን ሁለት። ሲ ላይ እንዲህ ነው፣ ሲ ሻርፕ ላይ እንዲህ ነው፣ አሥራ ሁለቱም ላይ እንዲሁ ነው! ሌሎቹ ቅኝቶቻችን፣ ባቲም አምባሰልም አንቺሆዬም፣ አንድ አንድ ቅርጽ ብቻ ይኖራቸዋል። ኦክታቩም (ከሲ እስከ ቀጣዩ ሲ ያለው ርቀት) ከተለመደው ፒያኖ ስለሚጠብ ትንሽ እጅ ያላት ልጅ ትደርስበታለች። አውሮፓ ውስጥም ኒውዮርክም በዚህ መልክ ፒያኖ ተሠርቷል። መምህራኑ የለመዱትን ጥለው እንደገና መማር አልፈለጉም፣ ገዢውም አመነታ፣ ነገሩ እዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ ስንት ትውልድ ልጅ አሥራ ሁለቱን ስኬል ሲሸመድድ ኖሯል!

ሐሳቡ ግን አልሞተም። ክብ ቁልፎች ያሉት የሩሲያው አኮርዲዮን፣ ባያን የሚሉት፣ አምስት ረድፍ ያለው ከሆነ አንድ የጣት አቀማመጥ የተማረ ሰው በፈለገው ኪ ይጫወትበታል። ማንም «ይሄ ማጭበርበር ነው» አይለውም።

ኖታውስ? ኖታው ይብሳል። ቀኝ እጅ የሚያነበው የታችኛው መስመር ኢ ነው፤ ግራ እጅ የሚያነበው የታችኛው መስመር ጂ ነው፤ ሁለቱን በአንድ ዓይን እኩል አንብብ ይባላል። ከኢ እስከ ኤፍ ግማሽ ቶን፣ ከኤፍ እስከ ጂ ሙሉ ቶን፤ ወረቀቱ ላይ ግን ርቀታቸው እኩል ነው። የኛን ቅኝት ስትጽፉበት ደግሞ ተመልከቱ። ትዝታ ማይነርን በሲ ለመጻፍ መግቢያው ላይ ሦስት ፍላት ይደረደራል፤ ከሦስቱ ቢ ፍላት ዜማው ውስጥ ጭራሽ የለም። አምባሰል በሲ አራት ፍላት ይፈልጋል፤ ሁለቱ ሥራ ፈት ናቸው። አንቺሆዬማ አምስት ፍላት ደርድረህለትም ኤ በመጣች ቁጥር ፍላቱን የሚሰርዝ ናቹራል ምልክት ልትለጥፍ ነው። (ፒያኖ ላይ የሚገኘው አንቺሆዬ ራሱ ግምት ነው፤ የአዝማሪው መሰንቆ የሚያወጣውን አይደርስበትም። እሱ ሌላ ቀን ይነሣል።) ልጅ «ይሄ ፍላት ዘፈኑ ውስጥ ከሌለ ለምን ተጻፈ?» ብሎ ሲጠይቀኝ የምሰጠው በቂ መልስ የለኝም።

ይህም ቢሆን አማራጭ አጥቶ አይደለም። ፈረንሳይኛ ጸሐፊው ዣን ዣክ ሩሶ እ.ኤ.አ. በ1742 ዜማን በቁጥር የመጻፍ ዘዴ ለፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ አቅርቦ ነበር፤ አካዳሚው አልተቀበለውም። ዛሬ ግን ቻይና ውስጥ ሕዝቡ ዘፈን የሚያነበው በቁጥር ኖታ ነው። መነሻው ድምፅ 1 ተብሎ ሌሎቹ በስኬሉ ተራ ሲቆጠሩ የኛ ትዝታ ሜጀር በቁጥር 1 2 3 5 6 ነው፤ ባቲ ሜጀር 1 3 4 5 7 ነው። ኪው ሲለወጥ ቁጥሩ አይነካም! ኮርኔሊስ ፖት የሚባል የኔዘርላንድ ሰውም እ.ኤ.አ. በ1931 ክላቫርስክሪቦ የሚባል ኖታ አወጣ፤ መስመሮቹ እንደ ፒያኖው ጥቁር ቁልፎች ሁለትና ሦስት ሆነው ቁልቁል ይወርዳሉ፣ ያየኸውን መስመር ትጫነዋለህ።

እኛስ ብንሆን ለዜማችን የሚስማማ ጽሕፈት ለማበጀት መች የሰው ፈቃድ ጠይቀን እናውቃለን? በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ለቅዱስ ያሬድ ዜማ ምልክት እንደሠሩ ሊቃውንቱ ይነግሩናል። ከቃሉ በላይ የተጻፈችውን ትንሽ ፊደል ሲያይ መሪጌታው ሙሉውን የዜማ ሐረግ ያነሣዋል። ለሚያዜመው ሰው የተሠራ ነውና ይኸው እስከ ዛሬ ያገለግላል።

«የዓለም ፒያኖ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ልጁ ሌላ ተምሮ የት ሊጫወት?» የሚለው ክርክር እውነት አለው። ኦርኬስትራ ለመግባት፣ የአውሮፓን ክላሲክ ለመጫወት የፈለገ የተለመደውን ይማር፤ አልከለክልም። እኔን የሚያንገበግበኝ የዚያ ሌላው ልጅ ነገር ነው። ድምፁ የተቃና፣ የሰማውን ወዲያው የሚያንጎራጉር፣ ፍላትና ሻርፕ ሲበዛበት ግን «ሙዚቃ ለኔ አይሆንም» ብሎ ኪቦርዱን የሚዘጋ። እንዲህ ያሉትን አይቻለሁ። አንዳንዱን ደግሞ መምህሩ ራሱ «ተሰጥኦ የለህም» ብሎ ሸኝቶታል። ተሰጥኦ ነበረው እኮ! የጎደለው በአሥራ ሁለት ቦታ የተበታተነውን አንድ ቅርጽ የሚሸመድድበት ዓመታት ነው።

ጃንኮ ቁልፉን ሲሠራ እንጨትና ብረት ያስፈልገው ነበር። ዛሬ አደራደሩ ታብሌት ላይ በሥዕል ይሠራል። አፕ የምትሠሩ ልጆች፣ እባካችሁ አራቱን ቅኝቶች በቀለም የሚያሳይ ባለ ስድስት ረድፍ ኪቦርድ ሥሩልን። የሙዚቃ መምህራን፣ ቢያንስ አንድ ክፍለ ጊዜ ትዝታን በቁጥር ጽፋችሁ ልጆቹ ምን ያህል ቶሎ እንደሚይዙት እዩ። የጀመረ ሰው ካለ ኮመንት ላይ ይጻፍልኝ፤ ቅኝቶቹን በቁጥር ጽፌ አስቀምጫለሁ፣ በነፃ እልክለታለሁ።