ቁጥር ተለወጠ ማለት ተጭበረበረ ማለት አይደለም

ወንድሜ፣ «በድጋሚ ቆጠራ ቁጥሩ ከተለወጠ ምርጫው ተጭበርብሯል» ብለሃል። እዚህ ጅማ፣ ሂርማታ ገበያ አካባቢ ቡና ላይም ደጋግሜ የምሰማው ነው። ልክ አይደለም። የአሜሪካን የ2000 እ.ኤ.አ. የፕሬዚዳንት ምርጫ ተመልከት። ፍሎሪዳ ግዛት ላይ ወደ 6 ሚሊዮን ሰው ድምፅ ሰጠ። መጀመሪያ ከሁለቱ ዋና ተፎካካሪዎች ጆርጅ ቡሽ አል ጎርን በ1,784 ድምፅ መራ። የግዛቱ ሕግ ልዩነቱ ከግማሽ በመቶ ካልበለጠ ድጋሚ ይቆጠር ስለሚል በማሽን ተቆጠረ፤ ልዩነቱ ወደ 300 ገደማ ወረደ። አንዱ ምክንያት ካርዱ ነው። ድምፅ የሚሰጠው በመብሳት ነበር። በደንብ ያልተበሳውን ካርድ ማሽኑ አንዴ ያነበዋል፣ አንዴ ያልፈዋል። ከውጭ አገር የመጡ ድምፆችና ከፊል የእጅ ቆጠራ ተጨምረው የቡሽ ብልጫ በ537 ድምፅ ጸደቀ። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የእጅ ቆጠራውን ሳያልቅ ማስቆሙ። ፍትሐዊ አልነበረም ካልክ፣ እዚያ ላይ አብሬህ ነኝ።