ማስተካከያ፦ ጥፋቱ ሁልጊዜ የመብራቱ አይደለም

ስለ ኤችፒኤልሲ (በፈሳሽ ውስጥ ያሉ ንጥረ ነገሮችን ለያይቶ የሚለካ የላቦራቶሪ መሣሪያ) ዲቴክተር፣ ማለትም ንጥረ ነገሮቹን በብርሃን ስለሚለካው ክፍል፣ ቀደም ሲል በወጣው ጽሑፍ «የመብራት ኃይል አንሷል የሚል መልእክት ካያችሁ መብራቱን ቀይሩ» ተብሎ ነበር። ይህ መስተካከል አለበት። የዲቴክተሩ የአልትራቫዮሌት ብርሃን ምንጭ የሆነው የዲውተሪየም መብራት ውድ ነው። ዕድሜው በአብዛኛው ከ1000 እስከ 2000 ሰዓት ነው፤ ዕድሜው ገና ካልደረሰ ለመቀየር አትቸኩሉ።

መጀመሪያ ፍሎው ሴሉን (ፈሳሹ በብርሃኑ ፊት የሚያልፍበትን ትንሽ ክፍል) በንጹህ ውሃ እጠቡና የብርሃኑን ኃይል እንደገና ለኩ። ሴሉ ውስጥ ያለ ሜታኖል (የተለመደ ማሟሚያ ፈሳሽ) ከ205 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት በታች ብርሃኑን ይውጠዋል፤ ደህናው መብራት የደከመ ይመስላል። የአየር አረፋም እንዲሁ ያሳስታል።

ካልተሻሻለ ሴሉን አውጥታችሁ ለኩ። ንባቡ በጣም ከጨመረ የቆሸሸው ሴሉ ነው። ካልጨመረ መብራቱን ቀይሩ። ባረጀ ማሽን ግን ውስጡ ብርሃኑን የሚያንጸባርቁት መስታወቶችም ደብዝዘው ሊሆን ይችላል፤ ያኔ አዲስ መብራት ብቻውን አይበቃም።

አደራ፣ መብራቱ ጠፍቶ ሳይቀዘቅዝ ክዳኑን አትክፈቱ። ጨረሩ ዓይን ይጎዳል።