ሊዮን ስትመጡ ሰፈር ልምረጥላችሁ

ሐምሌ ሲመጣ ስልኬ ፋታ የለውም። ከዋሺንግተን፣ ከስቶክሆልም፣ ከአዲስ አበባ ዘመድና የዘመድ ወዳጅ ይደውላል። ጥያቄው አንድ ነው። «ሊዮን ልንመጣ ነው፤ የትኛው ሰፈር ብናርፍ ይሻላል?» እዚህ ስለምኖር ብቻ ደላላ አድርገውኛል። ያውም ኮሚሽን የሌለው ደላላ። አልጋው ከተመቸ እነሱ መርጠው ነው። ካልተመቸ እኔ ነኝ።

የሚፈልጉት ሰፈር ደግሞ ይገርማል። ታሪካዊ ይሁን፣ ግን ሊፍት ይኑረው። መሀል ከተማ ይሁን፣ ግን ጸጥ ይበል። ለባቡር ጣቢያ ይቅረብ፣ ግን ጣቢያ ጣቢያ አይሽተት። ሲጨርሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ዋጋው ደግሞ ብዙም ባይሆን» ይላሉ። እንዲህ ያለ ሰፈር ቢኖር እኔ ራሴ እዚያ በተከራየሁ። ሮማውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ43 ዓመት ከተማዋን ሲቆረቁሩ ኮረብታ ላይ ወጡ፣ ቴአትራቸውን ሠሩ፣ አለቀ። ሻንጣ የሚጎትት እንግዳ ይመጣል ብለው አላሰቡም።

ስለዚህ አሁን አሁን «ምን ትወዳለህ?» ብዬ አልጠይቅም። ሊዮን ውስጥ አስቀያሚ ሰፈር ለማግኘት መድከም ያስፈልጋል። ሁሉም ያምራል፤ ሁሉም ጣጣ አለው። የምጠይቀው የትኛውን ጣጣ እንደሚችሉ ነው። ደረጃ ትችላለህ? ጫጫታ ትችላለህ? ዘመድስ ትችላለህ?

ሁሉም መጀመሪያ የሚመኘው አሮጌውን ሊዮን ነው። ቪዩ ሊዮን ይሉታል። በሳዖን ወንዝና በፉርቪየር ኮረብታ መሀል የተሸጎጠ ነው። የ15ኛውና የ16ኛው ክፍለ ዘመን ቤቶች ተደጋግፈው የቆሙበት ነው። ፎቶ ላይ አይተውታል፤ ሌላ አይሰሙም። ይህ ሰፈር ለጥቂት ነው የተረፈው። መንገድ ሊያልፍበት ታስቦ ነበር። ነዋሪው ተሟገተ። እ.ኤ.አ. በ1964 ፈረንሳይ ውስጥ በሕግ የተጠበቀ የመጀመሪያው የከተማ ሰፈር ሆነ። በ1998 ደግሞ ዩኔስኮ መዘገበው። እሰየው ነው። ጣጣው ግን እዚህ ላይ ይጀምራል። በሕግ የተጠበቀ ቤት ውስጥ እንደ ልብ ግድግዳ ቀዶ ሊፍት መትከል የለም።

የአንድ ጓደኛዬ አክስት ባለፈው እዚያ አረፉ። ልጆቻቸው ናቸው በኢንተርኔት የያዙላቸው። ታክሲው ከካቴድራሉ አጠገብ አወረደን፤ ከዚያ ወዲያ መኪና አይገባም። ሌሊት ነው። የእትዬ ሻንጣ በርበሬ፣ ሽሮና ድርቆሽ ተሞልቶ 23 ኪሎዋን ጢም ብላለች። ጎማዎቹ ኮብልስቶኑ ላይ ሲንኳኩ ሰፈሩ በሙሉ ሰማ። ቤቶቹ ኤሲ ስለሌላቸው በሐምሌ መስኮቱ ሁሉ ክፍት ነው። ካናቴራ የለበሰ ሰውዬ ብቅ ብሎ አየን። እትዬ ጎንበስ ብለው «ጤና ይስጥልኝ» አሉት። እሱም ግራ ገብቶት ጎንበስ አለ።

ቤቱ አራተኛ ፎቅ ነው። ፈረንሳዮች ምድሩን አይቆጥሩትም። ደረጃው የድንጋይ ጠመዝማዛ ነው፤ መሀል መሀሉ በስንት መቶ ዓመት እግር ተበልቶ ጎድጉዷል። እኔ ሻንጣውን ተሸክሜ ከፊት፣ እትዬ ነጠላቸውን አደግድገው ከኋላ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆሙና ወደ ላይ አዩ። «ልጄ፣ ይሄ ሆቴል ነው ገዳም?» አሉኝ። ትንሽ ትንፋሽ ወሰዱና ጨመሩበት፤ «ደብረ ዳሞ እንኳ ገመድ አለው።» ደብረ ዳሞ ሴት እንደማይገባ አልጠፋቸውም። የንዴት ነገር ነው።

ጠዋት ሌላ ጉድ ተፈጠረ። ቪዩ ሊዮን ትራቡል የሚባሉ መተላለፊያዎች አሉት። ከአንዱ መንገድ ገብተህ፣ የሰው ግቢ አቋርጠህ፣ በሌላ መንገድ ትወጣለህ። የሐር ነጋዴዎች ዕቃቸው ዝናብ ሳይነካው ያመላልሱበት ነበር። በጀርመን ወረራ ዘመን አርበኞቹ ተደብቀውበታል። ዛሬ ቱሪስት ይጎበኘዋል። እትዬ በሌሊት ልብሳቸው በር ከፍተው ብቅ ሲሉ፣ አስጎብኚ ሃያ የሚሆን ሰው ይዞ ግቢው ውስጥ ቆሟል። ሁሉም ቀና አለ። ከታሪኩ ክፍል የመሰሏቸውም ሳይኖሩ አልቀሩም።

ለምግብ ግን የዚህ ሰፈር ሰው ነኝ። ቡሾን የሚባሉት የሊዮን ምግብ ቤቶች ጨጓራ በዳቦ ፍርፋሪ ጠቅልለው ይጠብሳሉ። አገር ቤት «ጨጓራ በዞረበት አልዞርም» የሚለው ዘመዴ፣ እዚህ በፈረንሳይኛ ስም ሲቀርብለት ሳህኑን በዳቦ ጠራርጎ በላ። ሂሳቡን እስኪያይ ድረስ ምን እንደሆነ አልነገርኩትም።

ፉርቪየር ላይ ብዙ አልቆይም። ባዚሊካው በ1896 የተቀደሰ ነው። አራት ማማ አለው፤ ሊዮኖች የተገለበጠ ዝሆን ይሉታል። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ። የፖስታ ቁጥሩ 69005 ነው፤ የቪዩ ሊዮንም 69005 ነው። አንዱ ኮረብታው ሥር ነው፣ አንዱ አናቱ ላይ። «ከአሮጌው ከተማ 5 ደቂቃ» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ መውረጃውን ነው የሚነግራችሁ። መውጫውን አከራዩ ዝም ብሏል። በገመድ የሚጎተት ባቡር አለ፤ ግን አምሽቶ የሚመጣ ሰው ባቡሩ ሌት እንደሚቆም የሚያውቀው ጣቢያው በር ላይ ደርሶ ነው።

ክሯ ሩስ ሌላው ኮረብታ ነው። የሐር ሸማኔዎች ሰፈር ነበር። የዣካር የሽመና መሣሪያ ረጅም ስለሆነ ጣሪያው ወደ 4 ሜትር ከፍ ተደርጎ ተሠራ። ሸማኔዎቹ በ1831 በክፍያ ተጣልተው አመፁ። ጥቁር ባንዲራቸው ላይ «ሠርተን እንኑር፣ ወይም ተዋግተን እንሙት» ብለው ጽፈው ከኮረብታው ወረዱ። ዛሬ በዚያው ሰፈር አንድ ሸማኔ የአንዲት ክፍል ኪራይ ቢጠይቅ እንደገና ባንዲራውን ያወጣል። ነዋሪው ሳይክል ያለው፣ ውድ ዳቦ የሚበላ፣ ስለ አብዮት ማውራት የሚወድ ሰው ሆኗል። ገበያው ግን ደስ ይላል። ከሰኞ በቀር በየጠዋቱ ይቆማል፤ ቲማቲሙ ቲማቲም ቲማቲም ይላል።

እዚህ ለእንግዳ የሚከራዩት ቤቶች አንድ ብልጠት አላቸው። ያንን ረጅም ጣሪያ ለሁለት ከፍለው የእንጨት ቆጥ ይሠሩበታል። አልጋው እዚያ ላይ ነው። ኮረብታውን በባቡር ወጣህ እንበል። ፎቁን በእግር ወጣህ። ልትተኛ ስትል ደግሞ መሰላል ተደግፎ ይጠብቅሃል። ሌሊት ሽንት ቤት መሄድ የሚያበዛ እንግዳ ካላችሁ፣ ክሯ ሩስን በስሙም አታንሱበት።

ደረጃ አልችልም የሚለውን ፕሬስኪል እልከዋለሁ። በሮንና በሳዖን ወንዞች መሀል ያለ ሜዳ ነው። ቤልኩር አደባባይ ላይ ሉዊ 14ኛ ፈረስ ላይ ተቀምጧል። የሊዮን ሰው ሲቀጣጠር «ፈረሱ ጭራ ሥር» ነው የሚባባለው። እኔም እንግዶቼን እዚያ እቀጥራለሁ። እነሱ ግን ሁልጊዜ ንጉሡ ፊት ለፊት ቆመው ይጠብቁኛል። ሐበሻ ከፈረስ ኋላ አይቆምም፤ አስተዳደጉ አይፈቅድም። የዚህ ሰፈር ጣጣ ጫጫታና ዋጋ ነው። ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ ሌሊት ወጣቱ መስኮታችሁ ሥር ይዘፍናል። የቡናው ዋጋ ደም ካፈላባችሁ ደግሞ ይህን አስቡ። ገጣሚው አርተር ራምቦ በ1880 ሐረር የገባው ዋና መሥሪያ ቤቱ ሊዮን የነበረ የንግድ ድርጅት ቀጥሮት ነው። ሥራው ቡናና ቆዳ መግዛት ነበር። እንግዲህ የሊዮን ነጋዴ ከኛ ቡና ማትረፍ ዛሬ አልጀመረውም።

ፓር ዲዩ ጣጣው ምንም ጣጣ የሌለው መሆኑ ነው። ከፓሪስ በፈጣኑ ባቡር 2 ሰዓት ያህል ነው፤ የምትወርዱት እዚያው ነው። ከአየር ማረፊያው በትራም 30 ደቂቃ አካባቢ ነው። ሆቴሎቹ ሊፍት አላቸው፣ ኤሲ አላቸው፣ ሠራተኛው እንግሊዝኛ ይችላል። አጠገቡ ትልቅ የገበያ ማዕከል አለ። አደጋው እሱ ነው። አንድ ቤተሰብ እዚያ አሳርፌ ሁለት ሺህ ዓመት ያላትን ከተማ ላሳያቸው ስመጣ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጫማ እየለኩ አገኘኋቸው። አባትዬው «ሊዮን ዱባይን ትመስላለች» አለኝ። ምን ይባላል?

ጊዮቲየርን ማንም አይጠይቀኝም። ሁሉም «እዚያ እንዳታሳርፈን ተብለናል» ነው የሚለኝ። ማን አላችሁ ስል፣ ሄዶበት የማያውቅ ሰው ነው። እኔ እወደዋለሁ። የዓረቡ፣ የእስያው፣ የአፍሪካው ሱቅ በአንድ ጎዳና ነው። ዝንጅብሉም ኮረሪማ የሚመስለውም እዚያ ነው። አደባባዩ ላይ ሲጋራ በእጃቸው የሚሸጡ ልጆች ይጠሩሃል። ስልክህን ኪስህ ትከታለህ፣ ታልፋለህ። መርካቶን ያለፈ ሰው እዚህ ሲፈራ ማየት ይገርመኛል።

(ኅዳር መጨረሻ ላይ የምትመጡ ካላችሁ ይህን ሁሉ ምክር ተዉት። በዲሴምበር 8 አካባቢ የብርሃን በዓል አለ። ከ1852 ጀምሮ ሰው መስኮቱ ላይ ሻማ ያበራል፤ አሁን ሕንጻው ሁሉ በመብራት ይደምቃል። ሰፈር አትመርጡም፤ የተገኘውን አልጋ ትወስዳላችሁ።)

ቀረ የዘመድ ቤት። ዘመድ ያለው ሐበሻ ይህን ሁሉ ያነበበው በከንቱ ነው። «ቤት እያለ ሆቴል? ምን ይሉኛል?» ይባላል፤ አለቀ። የዘመድ ቤት ደግሞ መሀል ከተማ ሆኖ አያውቅም። ቪልዩርባን ነው፣ ወይም ከዚያ የራቀ። ቪልዩርባን ራሱን የቻለ ከተማ ነው፤ የራሱ ከንቲባ አለው። ዘመድ ግን በስልክ «ሊዮን ነው ያለሁት» ነው የሚለው።

እንግዳው ከአዲስ አበባ ከሆነ ጣጣው ከመምጣቱ በፊት ይጀምራል። ለቪዛው ጋባዡ ከማዘጋጃ ቤት የመቀበያ ወረቀት ማውጣት አለበት። ቴምብሩ 30 ዩሮ ነው፤ ቢከለከልም አይመለስም። ቢሮው የቤቱን ስፋት ይጠይቃል። ፈረንሳይ እንግዳን በካሬ ሜትር ትለካለች። የአክስቴ ልጅ ባለሥልጣኗ «እንግዳዋ የት ይተኛሉ?» ስትላት፣ «አልጋዬ ላይ፤ እኔ ሶፋ ላይ» አለቻት። ሴትየዋ ብዕሯን አቁማ አየቻት። በቅጹ ላይ እንዲህ የሚል ቦታ የለም።

የሶፋው ሆቴል ሦስቴ ያበላል። «ብላ፣ በሞቴ» ያለበት ነው። የመውጫ ሰዓት የለውም። የመውጣት ፈቃድም የለውም። ጠዋት ልውጣ ስትል ቡና ይፈላል። ሦስተኛው ሳይጠጣ አይወጣም። ከዚያ ምሳ ደረሰ። ከሰዓት አራስ ልትጠይቁ ትሄዳላችሁ። ቅዳሜ ክርስትና አለ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን፣ ሰኞ ደግሞ «እነ እገሌ ሳያዩህ ልትሄድ ነው?» የሚል ስልክ ይመጣል። ሜትሮው መሀል ከተማ ለመድረስ ብዙ አይፈጅም። ግን ማን ደረሰ?

እትዬም ከዚያ አራተኛ ፎቅ በነጋታው ነው ወደ ቪልዩርባን የተወሰዱት። ሁለት ሳምንት ቆዩ። በርበሬው ተከፋፈለ፣ ድርቆሹ ተበላ። አገራቸው ሲገቡ ጎረቤት ተሰብስቦ «ሊዮን እንዴት ናት?» ሲላቸው፣ «ክትፎ ይችሉበታል» አሉ አሉ።